ባለሞተሩ መጋረጃና የሽንኩርት ቢላዬ

አንቺ ጻፊ እንጂ ዐይኔን ዐይኔን አትዪኝ። ያኔ አንቺ የአሥራ ሁለት ቀን ልጅ ነበርሽ። ከአንዲት ቅል አትበልጪም፤ ጩኸትሽ ግን አዘዞ ድረስ ይሰማል። አሁን አድገሽ «አያቴ፣ የመጋረጃውን ነገር ንገሪኝና ልጻፈው» አልሽ። ሸጋ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ምላሴ ግን እግዜር ይመስገን ደህና ነው። እንዳወራሁት ጻፊው፣ እንዳታሳምሪው።

ከመካነ ብርሃን የወረድኩት እናትሽን ላርሳት ነው። የመጀመሪያ ልጇ ነሻ። ቅቤ፣ ማር፣ ለገንፎ የሚሆን የገብስ ዱቄትና ሁለት ዶሮ ይዤ፣ በጭነት ማኪና ላይ እየተንገጫገጭኩ ጎንደር ገባሁ። ሽንኩርት የምከትፍባትን ቢላዬንም በመቀነቴ ሸጉጬ ነበር። በሰው ቢላ መክተፍ አልወድም።

ቤቱ አዲስ ነው። ከፒያሳ ሽቅብ ስትወጪ ዳገቱ ላይ፣ ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮው ገና የሚያብለጨልጭ፣ ግድግዳው ገና ጭቃ ጭቃ የሚል። አባትሽ በሆስፒታል የተበላሸ ዕቃ የሚጠግን ሰው ነበር። እጁ ሥራ መፍታት አያውቅም። ወንበር ስትሰጪው ከመቀመጡ በፊት ገልብጦ እግሩን ያያል።

ሸጋ ቤት ነበር፣ አንድ ነገር ብቻ ከፋ። የመኝታ ቤቱ መስኮት ወደ ፀሐይ መግቢያ ነው የሚያየው። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ አራሷ ፊት ላይ ትቀመጣለች። አራስን ደግሞ ፀሐይ ካገኛት ምች ነው፤ ራሷን ይፈልጣታል፣ ያተኩሳታል፣ ሌላም አለ። ከመስኮቱ ትይዩ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ምን አለ መሰለሽ? ቀበሌው። ፀሐይዋም ቀበሌውም እኩል ወደ አልጋው ያዩ ነበር።

አባትሽ ታዲያ ተራ መጋረጃ አይበቃኝም አለ። ካንድ አሮጌ ጭነት ማኪና የተነቀለ፣ መስታወት ሲጠርግ የኖረ ሞተር አመጣ። ሸራ አጣና ላይ ጠቀለለ። አጣናውን ከመስኮቱ በላይ ሰቀለ፣ ሞተሩን ከአልጋው ራስጌ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ የእናትሽን የስፌት መኪና ቺንጋ ፈታ፤ ያን መንኮራኩሯን የሚያዞረውን የቆዳ ጠፍር ማለቴ ነው። በሌላ ቆዳ ቀጥሎ ከሞተሩ ወደ አጣናው ወሰደው። ሞተሩ ሲዞር ቺንጋው ይዞራል፣ ቺንጋው ሲዞር አጣናው፣ ሸራው ይወርዳል ወይ ይወጣል።

እኔ አማቼን በአንቱ ነው የማናግረው። ያገራችን ወግ ነው፣ አማትና አማች ይተፋፈራሉ። ግን በአንቱም ቢሆን ማሾፍ አይከለከልም።

«አንቱ መሐንዲስ» አልኩት፣ «መጋረጃ መሳብ ያቃተው እጅ ማን ቤት ነው ያለው?»

«እትዬ፣ አራስ ተነስታ መስኮት እንዳትዘጋ ብዬ ነው።»

«እኔ ታዲያ ምን ልሠራ ነው የመጣሁት? ገንፎ ልበላ?»

«ገንፎውንማ እየበሉት ነው» ብሎኝ እርፍ። ይህን ያህል ደፋር መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኩት።

ሽቦውን በውስጥ ግድግዳ ሊያስኬድ መዶሻ ሲያነሳ ግን ከለከልኩት። አራስ ራስጌ ላይ መዶሻ አይመታም አልኩ። እሱም እኔን አክብሮ ሽቦውን በውጭ፣ በቆርቆሮው ጠርዝ ሥር አዙሮ በመስኮቱ ሥር አስገባው። ባትሪው ሽታው ለሕፃን አይሆንም ብሎ በፊተኛው ክፍል ከመደቡ ሥር አኖረው። የሚጫኑትን ማዘዣ ከመኝታ ቤቱ በር መቃን ላይ ገጠመው። ሁለት ቁልፍ አለው፤ የላይኛው ሸራውን ያወጣል፣ የታችኛው ያወርዳል። እንግዲህ ሽቦው ከቀበሌው በር ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው እንደ ልብስ ማስጫ ይታያል። መዶሻውን የከለከልኩት እኔ፣ ሽቦውን አደባባይ ያወጣሁት እኔ።

የመጀመሪያ ቀን ቁልፉን ሲነካው ከአልጋው ራስጌ አንድ ነገር እርርር አለ። ሸራው ማንም ሳይነካው ወረደ። አማተብኩ።

«ማን ነው የሳበው?»

«ኤሌክትሪክ ነው፣ እትዬ።»

«የማይታይ ነገር አራስ ራስጌ ተቀምጦ ያጉረመርማል ማለት ነው?»

ሳቀ። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም። አራስ ብቻዋን አትተውም፣ ራስጌዋ ላይም ብረት ይደረጋል፣ ክፉው ነገር እንዳይጠጋ። ይህን እናቴም ያደረገችው፣ አያቴም ያደረገችው ነው። ትራሷ ሥር መርፌ ነበረች፤ ግን ለዚህ ለሚያጉረመርመው መርፌ አይበቃውም አልኩ። ሌላ ጠንካራ ብረት ያስፈልገዋል። ብጠይቀው ይስቅብኛል ብዬ አፍሬ፣ አንድ ቀን ጠዋት ሥራ ከሄደ በኋላ የሽንኩርት ቢላዬን ወስጄ ሞተሩ ላይ ጋደም አደረግኳት። ሽቦዎቹ የታሰሩባቸው ሁለት የሚያብለጨልጩ ብሎኖች አሉ፤ ልክ ድልድይ ሆና ተቀመጠችላቸው። ተሠርቶ የተሰጣት ቦታ ትመስል ነበር። ደስ አለኝ።

ሰባት ሰዓት አለፈ፣ ፀሐይዋ መጣች። ሄጄ የታችኛውን ቁልፍ ተጫንኩ።

ቷ!

ቢላዋ እንደ ፌንጣ ዘለለች። ጭስ ወጣ። የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። ቁልፉን ደግሜ ብጫን ዝም፤ አሁንም ብጫን ዝም። ቢላዋን ሳነሳት አፏ ሁለት ቦታ ተበልቷል፣ አይጥ የነከሳት ትመስላለች።

«እማዬ፣ ምንድን ነው?» አለች እናትሽ።

«ምንም አይደለም፣ ተኚ።»

ቢላዋን በመቀነቴ ሸጎጥኳት። ፀሐይዋ ግን እናትሽ አንገት ላይ ደርሳለች። ቺንጋውን ከሞተሩ ላይ አውልቄ በእጄ ሳብኩት፤ አጣናው ዞረ፣ ሸራው ወረደ። ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ሳይ ሳቄ መጣ። አባትሽ ማታ ሲመለስ እነግረዋለሁ፣ እኔም እስቃለሁ፣ እሱም ይስቃል ብዬ ተቀመጥኩ።

ማታ ድረስ አልቆየም። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ የውጪው በር ተንኳኳ። ስከፍት አባትሽ ቆሟል። ከኋላው የቀበሌው ካድሬ፣ ካኪ ለባሽ፣ ከመጨረሻ ልጄ የማይበልጥ። ከካድሬው ኋላ ጠመንጃ የያዘ ሽማግሌ አብዮት ጠባቂ። አባትሽ አልታሰረም፤ ግን እጆቹን ፊቱ ላይ አጣምሮ ይዟቸዋል፣ የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው። ከሥራው ላይ ነው ያመጡት።

«እናት፣ መንገድ ልቀቁ» አለ ካድሬው።

«ምነው ልጄ፣ በደህና?»

«ከዚህ ቤት ሽቦ ወጥቷል። ማሽን ይጮኻል። መስኮቱም በቀን ብርሃን ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ሰው ሳይታይ። ለማን ነው ምልክት የምታሳዩት?»

«መጋረጃ ነው ጓድ» አለ አባትሽ። «ነገርኩዎት እኮ። በሞተር የሚሠራ መጋረጃ ነው።»

«መጋረጃ በባትሪ!» ካድሬው ወደ ሽማግሌው ዞሮ ፈገግ አለ። ሽማግሌው አልሳቀም። «እሺ፣ አሳየን። መጋረጃ ከሆነ እንሄዳለን። ካልሆነ አብረኸን ትሄዳለህ።»

እንግዲህ ያን ሰሞን አብሮ መሄድ ምን እንደሆነ አንቺ አታውቂም። የታችኛው ሰፈር ሰውዬ ለጥያቄ ነው ተብሎ ሄደ፤ ሚስቱ ምሳውን ይዛ ስትመላለስ ከረመች። አንድ ቀን ምሳውን አታምጪ አሏት። በቃ።

አባትሽ ግን ዞሮ አየኝና ጥቂት ፈገግ አለ። አይዞዎት ማለቱ ነው። ሞተሩን አምኖታላ! ጣቱን ቁልፉ ላይ ሲያሳርፍ ሸራው እንደሚወጣ፣ እነሱም እንደሚሄዱ እርግጠኛ ነው። ሞተሩ መሞቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የገደለችውም መቀነቴ ውስጥ ናት፣ ትወጋኛለች።

ምላሴ ግን አልከዳኝም።

«ቆይ» አልኩ፣ በሩ ላይ እጄን ዘርግቼ። «ጓድም ብትሆን ከፀሐይ መጥተህ አራስ ቤት ዘው አይባልም። አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። ላባችሁ ይድረቅ፣ ምች ልታመጡባት ነው እንዴ?»

«ጊዜ የለንም።»

«አንተ ጊዜ ባይኖርህ እናትህ ነበራት። አርባ ቀን ተኝታልህ ነው እዚህ የቆምከው።»

ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ። «እውነቷን ነው ጓድ» አለ ቀስ ብሎ። «ጥቂት አረፍ ብንል ነውር የለውም።»

ካድሬው ሰዓቱን አየ። አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገ። «ምንድን ነው የሚሸተው? የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ወረቀት አቃጥላችኋል?»

ወረቀት ያቃጠለ ሰው ያን ጊዜ ፀረ አብዮት ይባል እንደነበር ታውቂያለሽ፣ በትምህርት ቤት ነግረውሻል። አባትሽ ደነገጠ፤ እሱም ገና ያኔ ሸተተው።

«ምን ወረቀት አለና! እኔ ወረቀት ምን እሠራበታለሁ? ገንፎ አርሮብኝ ነው» አልኩ። «ና ድስቱን ላስ፣ ከፈለግህ።»

«እሺ፣ እሺ። ቶሎ ይበሉ፣ አራሷን ያዘጋጁ።»

መኝታ ቤት ገባሁ። አልጋው ዙሪያ ጋቢ በገመድ ላይ ተዘርግቶ ተጋርዷል፤ ከጋቢው በላይ የመስኮቱ ግማሽ ይታያል። ከጋቢው ጀርባ ሞተሩ፣ ቺንጋው፣ የስፌት መኪናዋ፣ እናትሽና አንቺ። እናትሽ ሁሉን ሰምታለች። ፊቷ አመድ ሆኗል።

ቢላዋን አወጣሁና አሳየኋት። ከዚያ ሞተሩን በጣቴ ጠቆምኩ፣ ከዚያ አንገቴን። ገባት። ጮክ ብላ ልታለቅስ ነበር፣ አፏን በእጄ ያዝኩ። ቢላዋን ጥዬ፣ ቺንጋውን ጨብጬ ወለሉ ላይ ተንበረከክኩ። አንድ ችግር አለ፤ እኔ ከወለል ላይ ሆኜ በሩ አይታየኝም። የላይኛውን ቁልፍ ይጫን የታችኛውን እንዴት አውቃለሁ? በጋቢው መሐል የእሳት ፍንጣሪ የበላት ቀዳዳ ነበረች። የእናትሽን ዐይን እዚያ አደረግሁት። አውራ ጣቷን አነሳሁት፣ ላይ። ዘቀዘቅሁት፣ ታች። ራሷን ነቀነቀች።

«ግቡ!» አልኩ፣ ድምፄን የአራሷን አስመስዬ። እነሱ ማን እንደተናገረ ምን ያውቃሉ።

ገቡ። ከበሩ ላይ ቆሙ። ጫማ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል። የአባትሽ ድምፅ፦ «የላይኛው ያወጣል፣ የታችኛው ያወርዳል። ይኸው።»

ቀጭ!

የእናትሽ አውራ ጣት ወደ ላይ ሄደች። ሳብኩ። ሸራው ሽቅብ ተጠቀለለ፣ ፀሐይዋ ገባች። አባትሽ ምን ሆኖ እንደነበር ኋላ ነግሮኛል። ሞተሩ ሳይጮህ ሸራው ሲወጣ፣ ነፍሴ አብራ ወጣች ነው ያለኝ። የራሱን እጅ ሥራ ያውቃል፤ ያ ሞተር ሳይጮህ አይዞርም።

«እኔ ልንካው» አለ ካድሬው።

ቀጭ! ታች። ሳብኩ። ቀጭ! ላይ። ሳብኩ። ልጅ ነውና ወደደው መሰለኝ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ክንዴ እሳት ሆነ። የእናትሽ ጣት እንደ ወፍ ምንቃር ላይ ታች፣ ላይ ታች። አንዴ ተሳስተን እሱ ሲጫን እኛ ዘገየን።

«ይዘገያል» አለ።

«ባትሪው ደክሞ ነው» አለ አባትሽ።

ከዚያ ቀጭ ቀጩ ቆመ። «ግን» አለ ካድሬው፣ «ማሽን ይጮኻል ተብሎ ነው የተነገረን። ይሄ አይጮህም። የሚጮኸው ሌላ ነው ማለት ነው። የወረቀት ማባዣ ነው? የት ነው ያለው?»

እናትሽ ከአልጋዋ እጇን ዘርግታ የስፌት መኪናዋን መንኮራኩር ጨበጠች። ያችን ቺንጋዋ የተፈታባትን። እስከ ዛሬ ድረስ ይገርመኛል፣ በአንድ እጇ አንቺን ይዛለች።

«እንደገና ይጫኑት» አለ አባትሽ፣ ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ። ምናልባት ጊዜ ለመግዛት።

ቀጭ! አንቺን ያቀፈው እጇ ጣት ታች አለች፣ ሌላው እጇ መንኮራኩሩን አሽከረከረች። ከርርርር! ሸራው ወረደ። የሞተሩ ድምፅ ነው ብዬ አልምልልሽም። ግን ማሽን ማሽን ነው። አንቺም ነቅተሽ እሪ አልሽ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ ያገዝሽን ያን ጊዜ ነው።

«እህ» አለ ካድሬው። ብዕር ሲያወጣ ሰማሁ። ሊጽፍ ነው ብዬ ተነፈስኩ። «አያ» አለ ለሽማግሌው፣ «ግባና ከጋቢው ጀርባ እይ። ሞተሩን በዐይንህ አይተህ ንገረኝ።»

ቺንጋውን በሁለት እጄ ጨበጥኩ።

ሽማግሌው መጣ። ቀስ እያለ ነው የመጣው። የጋቢውን ጫፍ በጠመንጃው አፍ ገለጥ አደረገ።

እንግዲህ ምን አየ? አንዲት አሮጊት፣ መሬት ላይ ተንበርክካ፣ ቀሚሷን በጉልበቷ ይዛ፣ ቺንጋ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ላቧ በአፍንጫዋ የሚንጠባጠብ። አንዲት አራስ፣ ሕፃን አቅፋ፣ እጇ የስፌት መኪና ላይ። እኔ ዐይኑን አየሁት። እሱም ዐይኔን። ሽበቱ ከእኔ ይበልጣል።

ቺንጋውን አየ። ወለሉ ላይ የወደቀችውን ቢላ አየ። ብሎኖቹ ላይ የጠቆረውን አየ። ሁሉን ነገር አየ።

ጋቢውን መለሰው።

«አራስ ናት ጓድ» አለ። «ልጇም አለች። ሞተሩም አለ።»

«ይሠራል?»

«ይሠራል። እንደ በቅሎ ነው የሚሠራው።»

ካድሬው ጻፈ። «ሽቦውን ግን በውስጥ አስኪደው፣ ሕዝብ ያሸብራል» አለው አባትሽን። እሺ አለ። ወጡ። እኔ ከወለሉ መነሳት አቃተኝ፤ ጉልበቴ ቆልፎ በአራት እግሬ ነው እስከ በሩ የሄድኩት። ሽማግሌው ከበሩ ላይ ኋላ ቀረት አለ። አባትሽን ትከሻውን ያዘና፦

«ሞተርህን ዛሬ ገንፎ አብላት» አለው። «ክንዷ ዝሏል።»

አባትሽ አልገባውም። እኔና እናትሽ ግን ገባን፤ መጀመሪያ ሳቅን፣ ከዚያ እናትሽ አለቀሰች፣ ከዚያ አንቺ። እኔ አላለቀስኩም፣ አንድ ሰው መሳቅ ነበረበት።

እሱ መጥቶ ከመደቡ ላይ ዘፍ አለ። ቢላዋን አምጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ብረቱን፣ ጭሱን፣ ቺንጋውን። ቢላዋን አገላበጠ። የተበላውን አፏን በጣቱ ዳሰሰ። ሊቆጣኝ ፈልጎ ነበር፣ አየሁት። በአንቱ መቆጣት ግን አልመጣለት አለ። መሳቅ ጀመረ። ሳቀ፣ ሳቀ፣ ሳቁ መቼ ወደ ልቅሶ እንደተለወጠ ሳላውቀው ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አማት አማቿን አትነካም። እኔ ግን ራሱን ይዤ ደረቴ ላይ አደረግሁት፤ «አይዞህ የኔ ልጅ፣ አለህ እኮ» አልኩት። ከዚያ ቀን በኋላ አንቱ የሚሉት ነገር በመካከላችን ጠፋ። ማሾፉ ግን ባሰ።

ሽቦውን በውስጥ አስኬደው፤ እናትሽንና አንቺን ጎረቤት አሻግሬ፣ መዶሻውን ራሴ አቀበልኩት። ሞተሩን ጠግኖ የእንጨት ሣጥን ሠራለት። ሣጥኑ ክዳን ላይ ደግሞ በመሮ አንዲት ቦታ ፈለፈለ፣ ርዝመቷም ስፋቷም ልክ እንደ ቢላዬ። «ብረቱ እዚህ ይቀመጥ፣ እዚያ ውስጥ ግን አይግባ» አለኝ። ክርስትናሽ እስኪደርስ እዚያ ተኝታለች፤ እርርር ከሥሯ ሲል እንኳ ንቅንቅ አላለችም።

ሽማግሌው ለክርስትናሽ መጣ። ሌላ ማንም አልጠራውም፤ እኔ ነኝ የጠራሁት። ገንፎ አቀረብኩለት፣ መሐሉ ላይ ቅቤ ሞልቼ። በልቶ ሲጨርስ ክንዴን በጣቱ ነካ አድርጎ «ይሠራል ወይ አሁንም?» አለኝ። «ባትሪው እስኪያልቅ» አልኩት።

ያችን ቢላ አንቺ ታውቂያታለሽ። «አያቴ፣ አፏ ተበልቷል፣ ለምን አትጥያትም፣ ሽንኩርቱን እኮ ትቦጭቀዋለች» እያልሽ የምታማርሪባት ናት። አልጥላትም። በይ አሁን ብዕርሽን አስቀምጪና ሽንኩርቱን ክተፊልኝ፣ በሷው።